ሁለተኛው መስታወት

እትዬ ድር ከእኛ የተለዩት ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን ነው፤ ሐሙስ። ወይም አሥራ ሁለት፣ አርብ። «መዝገብ ቤቱ» የምንለው የሥራ ባልደረባችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ «አርብ ነው! ሐሙስ ቢሆን ኖሮ የታጠበ ሸሚዝ ይኖረኝ ነበር» እያለ ይሞግተኝ ነበር። እኔ ሐሙስ ነው እላለሁ። ሆኖም በቀን ጉዳይ የእኔን ቃል የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም። በዚያ ዓመት በሁለት መስታወቶች ላይ ቀን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያ ጽሕፈት ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የከዋክብት ጥናት ጣቢያ ለአንድ ዓመት የሙከራ ጊዜ ተቀጠርኩ። ቴሌስኮፑ ያለው ከኮረብታው አናት ላይ ነው። እኔ ግን የተመደብኩት ከሥሩ፣ መስኮቷ መዳፍ በማታክል የምድር ቤት ክፍል ውስጥ፣ ከእትዬ ድር ጋር ነበር። እሳቸው ይለካሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አሰላለሁ።

በዚያ ዘመን የሰማይ ፎቶ የሚነሳው በመስታወት ላይ ነበር። የመጽሐፍ ገጽ የሚያህል መስታወት ነው፤ በአንድ ፊቱ ብርሃን የሚይዝ ቅብ አለው። ታጥቦ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ ኮከቡ ጥቁር ነጥብ። እትዬ ድር መስታወቱን ከማይክሮስኮፕ ሥር ያደርጉና ብሎኑን በቀስታ እያዞሩ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የት እንዳለ እስከ ሚሊሜትር ሺኛ ድረስ ያነባሉ። በመመልከቻው ውስጥ መስቀለኛ የተዘረጉ ሁለት ክሮች አሉ። ክሮቹ የሸረሪት ድር ናቸው፤ እንደሱ የቀጠነም እንደሱ የጠነከረም ነገር አልተገኘም። ሲበጠሱ የሚቀይሯቸው ራሳቸው ናቸው። ከመስኮቷ ጥግ አንዲት ሸረሪት ነበረቻቸው፤ ጽዳት ሠራተኞቹ እንዳይነኳት «ሠራተኛ ናት» የሚል ወረቀት ከጎኗ ለጥፈውላት ነበር።

ስሙን ያወጣላቸው መዝገብ ቤቱ ነው። እሱም የራሱ ስም ተረስቶ በሥራው የሚጠራ፣ መስታወቶቹን በየመደርደሪያው የሚጠብቅ ቀልደኛ ሰው ነበር።

«እትዬ ድር» ይላቸዋል በሩ ላይ ተደግፎ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የእርስዎ ሁለት ፍሬ ድር ምን ሊያስር ነው?»

«ያንተን አፍ!»

«ለእኔ አፍማ ገመድም አይበቃው!»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ እኮ ነው ሚስትህ ሥራ ላይ አድሮ ይዋል ያለችው።»

ክፍሏ የራሷ ሕግ ነበራት። የሰው ገላ ይሞቃል፤ ሙቀት መስታወትን ይለጥጣል፤ በጣም በጥቂቱ ነው፣ ግን የምንፈልገውም በጣም ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ጠዋት ገብተን ለግማሽ ሰዓት ምንም ሳንነካ እንቀመጣለን። እትዬ ድር «መስታወቱ እስኪለምደን» ይሉታል። ሻይ ወደ ውስጥ አይገባም። ብርጭቆዎቻችን ከበሩ ውጭ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ እዚያ በሠራሁበት ዘመን ትኩስ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። ስለ እትዬ ድር የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት በእነዚያ ግማሽ ሰዓቶች ነው።

አንድ ትልቅ ሥራ ነበራቸው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ እሳቸው በሃያ ሁለት ዓመታቸው በተቀጠሩበት ወር፣ የዚያን ጊዜው ኃላፊ አንድ የጋዝና የአቧራ ደመና ፎቶ አንስተው ነበር። በደመናው ውስጥ አርባ ሰባት ጨቅላ ከዋክብት አሉ። ጨቅላ ስል የአንድ ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ እንኳ ያልሞላቸው ማለቴ ነው፤ ለኮከብ ይህ የአራስነት ዕድሜ ነው። ያንን እርጥብ መስታወት ከጨለማው ክፍል ተቀብለው ያደረቁት እትዬ ድር ናቸው። «ይሄን ሁለተኛ የምናነሳው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው» አሏቸው ኃላፊው። እሳቸውም «እሺ» አሉ።

«እሺ ብቻ?» አልኳቸው አንድ ጠዋት።

«ምን ልበል ታዲያ? ሃያ ሁለት ዓመት ለሞላው ሰው ሠላሳ ዓመት ምንድን ነው? ነገ ማለት ነው። ደግሞ ሲደርስ አንድ ዓመት ሙሉ ደመና ሸፈነብን፤ ሠላሳ አንድ ሆነ።»

ኮከቦች ይሄዳሉ፤ ግን እጅግ ሩቅ ስለሆኑ የቆሙ ይመስላሉ። ከተራራ ላይ ሆኖ ሜዳ ላይ የሚሄድ ባቡር ያየ ሰው ይህ ይገባዋል፤ አጠገቡ ቢሆን በነጎድጓድ የሚያልፈው ባቡር ከዚያ ሲያዩት ይድሃል። የባቡሩን እውነተኛ ፍጥነት ካወቅህ፣ ዳዴውን ለክተህ ከአንተ ምን ያህል እንደሚርቅ ታገኛለህ። የኮከቦቹን ፍጥነት ብርሃናቸውን በመተንተን ሌሎች አግኝተውት ነበር። የቀረው ዳዴው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የተራራቁ ሁለት መስታወቶችና የእትዬ ድር ዓይን ያስፈልጋሉ። አሁን ያሉት ኃላፊ ውጤቱ ታትሞ ሲወጣ የእትዬ ድር ስም ከስማቸው ቀጥሎ እንደሚገባ በሰው ፊት ተናግረው ነበር። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ስማቸው በማንም ጽሑፍ ላይ ወጥቶ አያውቅም። የለካ ሰው ስም ይጻፋል እንዴ?

በዚያው መስታወት ጥግ አንድ ሌላ ኮከብ አለ። ከጨቅላዎቹ ወገን አይደለም፤ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ብቻ ፈጥኖ የሚሄድ፣ ወደ ሰሜን የሚጓዝ መሆኑ በመዝገብ ሁሉ የታወቀ ነው። እትዬ ድር «መንገደኛው» ይሉታል። ለስሌታችን አያስፈልግም፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ለማሟሸት ሁልጊዜ ከእሱ ይጀምራሉ። «እንደምን አደርክ መንገደኛው» ይሉና ቁጥሩን በግል ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

የወንድማቸውን ፎቶ ያሳዩኝ ከቦርሳቸው የመነጽር ጨርቅ ሲያወጡ ወድቆ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ልጅ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ሻንጣውን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ በሩቁ ይዞታል።

«ልጅዎ ነው?»

«ታናሼ ነው። ግን ልጄም ነው። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር። የጫማውን ማሰሪያ ያስተማርኩት እኔ፤ የወተት ጥርሱን በክር የነቀልኩት እኔ። ሊሄድ ሲል ነው ያነሳሁት። ከሄደ ሃያ ዓመቱ።»

«አይጽፍም?»

«ይጽፋል፤ ሲያስታውሰው። አንድ ጊዜ ከዚህ ወደብ፣ አንድ ጊዜ ከዚያ ወደብ። ደህና ነኝ ይላል።» ፎቶውን እንደ መስታወት ጠርዙን ብቻ ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሱት። «ይኸውልሽ፤ ከአንድ ፎቶ የሚታወቀው የት እንደነበረ ብቻ ነው። ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ያስፈልጋል። ሁለተኛው አልመጣልኝም።» ቀጥለውም «በይ፣ ለምዶናል» አሉና ወደ ማይክሮስኮፑ ዞሩ።

ሁለቱን መስታወቶች ለመለካት የተዘጋጀንበት ሳምንት፣ ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ ከወንድማቸው ደብዳቤ መጣ። ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ ቤት ጠብቂኝ ይላል። ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ድር ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡ። መዝገብ ቤቱ ሲያያቸው፣

«በስልክ ፀጉር መታየት ጀመረ እንዴ?» አለ።

«ድምፄ ያምርልኛል!» አሉትና ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሲወጡ አደራ ሰጡኝ። «መስታወቶቹን አጽጂልኝ። ታውቂያለሽ፣ አንዱ ሳይገባ አንዱ አይወጣም።»

ይህ የክፍሏ ሁለተኛ ሕግ ነው። መስታወቱ የሚኖረው ቀን በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ነው። ቀኑ በራሱ በመስታወቱ ጀርባም በቀለም ተጽፎበታል፤ ጀርባው በአልኮል ሲጠረግ ግን ይለቃል። ስለዚህ አንዱን ታወጣለህ፣ ትጠርጋለህ፣ ከፖስታው አይተህ ቀኑን መልሰህ ትጽፋለህ፣ ትከታለህ። ከዚያ ሌላውን።

እኔ ሁለቱንም ጠረግሁና ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር አማረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠበቀውን ነገር በገዛ ዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ሁለቱን መስታወቶች ደራርቤ በመስኮቷ ብርሃን ላይ ያዝኳቸው፤ ነጥቦቹ ፈቀቅ ብለው ይታዩኝ እንደሆነ። ምንም አይታይም፤ በሚሊሜትር ሺኛ የሚለካ ነገር በዓይን ከየት ይታያል? አገላበጥኳቸው፣ አቀያየርኳቸው፣ አንዱን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ሌላውን አየሁ። በኋላ ብዕሩን ሳነሳ የትኛው የቱ እንደሆነ አላወቅሁም።

አሮጌ ነገር ይደበዝዛል ብዬ አሰብኩ። አንደኛው ጠርዝ ጠርዙ ጭጋግ ለብሷል፤ ሌላው ጥርት ያለ ነው። ጭጋጋሙ ላይ የድሮውን ቀን ጻፍኩ፣ ጥርት ባለው ላይ የአዲሱን። የእጅ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። አዲሱ ፎቶ ከድሮው ጋር እንዲመሳሰል ሲባል የተነሳው ከዚያው ዓይነት፣ ጊዜው ካለፈበት የመጨረሻ ካርቶን በወጣ መስታወት ነበር፤ ጭጋጉ ከዚያ ነው የመጣው። የድሮውን ግን እትዬ ድር ለሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ዓይናቸው ብሌን ጠብቀውታል።

ወደ ማታ ሲመለሱ ፀጉራቸው እንደተሠራ ነበር።

«ደወለ?»

«መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል።» ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። «ጽፈሽ ጨረስሽ?»

«ጨርሻለሁ።» እርግጠኛ አለመሆኔን ልነግራቸው ነበር። ፊታቸውን አይቼ ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ መለካት ተጀመረ።

የመጀመሪያው መስታወት ሦስት ሳምንት ወሰደ። የሁለተኛው እኩሌታ ሲደርስ እኔ ልዩነቱን እያሰላሁ፣ እያንዳንዱ ኮከብ ወዴት እንደሚሄድ በካሬ ወረቀት ላይ በቀስት መሳል ጀመርኩ። ሃያ ቀስት ስሥል ሃያውም ወደ መሀል አመለከቱ። ወረቀቱን ይዤ ብድግ አልኩ።

«እትዬ! እየተሰባሰቡ ነው! ይመልከቱ፣ ሁሉም እየተመለሱ ነው!»

ማይክሮስኮፑን ለቀው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የእርስዎ ቁጥር ነው እኮ! እኔ ምን ጨመርኩበት?»

«አዎ፣ ቁጥሩስ የእኔ ነው» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። መልሰው እስኪያደርጉት ቆየ።

ቀጥሎ ያሉት ሳምንቶች ከጣቢያው ዘመኔ ሁሉ ደስ የሚሉኝ ናቸው። ኃላፊው በቀን ሁለት ጊዜ እየወረዱ ቀስቶቹን ያያሉ። እንዲህ ያሉ ጨቅላ ከዋክብት ይበተናሉ ተብሎ ሲጠበቅ የእኛዎቹ ይሰባሰባሉ፤ ትልቅ ነገር ነው። እትዬ ድርም ተለወጡ። ሲለኩ ያንጎራጉራሉ። አንድ እሑድ ቤታቸው ጠሩኝ፤ ሁለት ክፍል ናት፣ በአንደኛዋ የወንድማቸው አልጋ ተነጥፏል። ፍራሹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«እንግዳ ሊመጣ ነው?»

«ማን ያውቃል» አሉ ፍራሹን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ። «ቢመጣ እርጥብ ላይ ይተኛ?»

ጽሑፉ ተጠናቆ በፖስታ ሊላክ በታሰበበት ቀን ከኃላፊው ቢሮ ነበርኩ፤ የመጨረሻውን ሠንጠረዥ እያመሳከርኩ። የእትዬ ድር ሙሉ ስም ከላይ በታይፕ ተመትቷል። እሳቸው ሳያንኳኩ ገቡ። የሥራ ጋዋናቸውን አውልቀዋል።

«አይላክ» አሉ። «መስታወቶቹ ተቀያይረዋል። የድሮውን አዲስ፣ አዲሱን የድሮ ብለን ነው የለካነው።»

ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው የቀያየረው?»

«እኔ ነኝ። ስጠርግ ተምታታብኝ።»

አፌ ተከፈተ። እትዬ ድር ዞር ብለው አዩኝና፣ ሁልጊዜ ጠዋት በሚናገሩበት ድምፅ፣ «አንቺ፣ ሻይሽ በርጩማው ላይ ቀርቷል፤ ሂጂ ጠጪ» አሉኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያበቃ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሄድኩ። በርጩማው አጠገብ ቆሜ ቀዝቃዛውን ሻይ ጠጣሁ፤ የኃላፊው ድምፅ ከላይ ይሰማኛል። አልጮሁም። «ሠላሳ አንድ ዓመት!» ሲሉ ብቻ ሰማኋቸው፤ ሁለት ጊዜ።

ማስተካከሉ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር። ከእትዬ ድር ቁጥሮች አንዱም ስህተት አልነበረበትም፤ ተቀናሹና የሚቀነስበት ቁጥር ቦታ ተቀያየሩ፣ አለቀ። ቀስቶቹን በላጲስ አጥፍቼ መልሼ ስሥላቸው አርባ ሰባቱም ወደ ውጭ ዞሩ። እትዬ ድር ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር።

«ርቀቱስ?» አሉኝ።

«ርቀቱ አልተለወጠም። አራት መቶ አምሳ የብርሃን ዓመት።»

«አዎ፣ ቢመለሱም ቢሄዱም ርቀቱ ያው ነው።» ማስመሪያውን አንስተው አንዱን ቀስት ወደ ኋላ ሳቡት፤ ሌላውንም፤ ሌላውንም። መስመሮቹ ሁሉ ደመናው መሀል አንዲት ቦታ ላይ ተገናኙ። «ሰባት መቶ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ብትሄጂ…» አሉና ጣታቸውን እዚያች ላይ አደረጉ። «አየሽ? ከአንድ ቤት ነው የወጡት።»

ጽሑፉ ያለ ስማቸው ሄደ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በዚህ ዓይነት ስህተት ላይ ስም አላኖርም አሉ፣ መዝገብ ቤት ልመድብዎ አሉ። መዝገብ ቤቱ «በሬን ለሸረሪት ከፍቻለሁ» ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። እሳቸው ግን በገዛ ፈቃዳቸው ጡረታ ጠየቁ። እኔ ሰኞ ዕለት ቋሚ መሆኔን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ከእሳቸው ጋር ተቀምጬ፣ ዛሬ ለኃላፊው እነግራለሁ እያልኩ፣ መስታወቱ ይለምደንና ወደ ሥራ እንገባለን።

የሚሄዱበት ቀን ጠዋት ክፍሏ ባዶ ነበረች። መሳቢያው ውስጥ የግል ደብተራቸውን ትተውልኛል። ገለጥኩት። በየቀኑ መጀመሪያ የመንገደኛው ቁጥር አለ፤ እንደ ልማዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ የተለካ። ሁለተኛውን መስታወት በጀመርንበት በማግሥቱ ግን ዘጠኝ ጊዜ ለክተውታል። ዘጠኙም አንድ ናቸው። ወደ ሰሜን መሄዱ የታወቀው መንገደኛ በቁጥሩ መሠረት ወደ ደቡብ ነው የሄደው።

ቀኑን ደጋግሜ አየሁ። የመጀመሪያዬን ቀስት ከመሳሌ አሥር ቀን በፊት ነው። «እየተመለሱ ነው!» ብዬ ስጮህ፣ እርግጠኛ ነሽ ሲሉኝ፣ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ፣ ያውቁ ነበር።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ። ከበሩ ውጭ አውቶቡሱ ቆሟል። መዝገብ ቤቱ በዚያ ባልታጠበ ሸሚዙ ሻንጣቸውን ይጭናል፤ እሳቸው ደረጃው ላይ እግራቸውን አድርገዋል። አንገታቸው ላይ ካሜራ ተንጠልጥሏል።

«ካሜራዬን እንዳይሰብሩብኝ!» ይላል እሱ።

«አንተ ከገዛኸው ጀምሮ ምን አንስተህበታል?»

«ሚስቴን።»

«ታዲያ ከዚያ ወዲህ መሥራቱን በምን ላውቅ?»

«እኔስ የወንድምዎ አድራሻ መሥራቱን በምን ልወቅ? የአራት ወር ደብዳቤ ይዞ ወደብ ለወደብ መዞር!»

«አጣራለሁ» አሉት። «ባገኘው አንድ አነሳዋለሁ። ካላገኘሁትም በሩን አነሳለሁ።»

ከዚያ እኔን አዩኝ፤ በእጄ ያለውን ደብተርም አዩት። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ያሉት ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለራሳቸው? ማንን ነበር የጠበቁት? ይህን ልጠይቃቸው ነበር የወጣሁት፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላው አለ፣ የመጀመሪያው፣ ያልተናገርኩት ጥፋቴ።

«እትዬ…»

«ያለ ሹራብ ወጣሽ? ግቢ፣ ይበርድሻል» አሉኝ። ወደ ላይ ወጡና ከሾፌሩ ኋላ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፤ ፎቶውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠርዙን ይዘውታል። መስኮቱን ለማንኳኳት እጄን አነሳሁ። በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱ ተነሣ፤ እጄ አየር ላይ ቀረ።